የማሚቶ ማዞሪያ

ዘነበች ሞንታርቦ ታከራያለች መባሉ ደብረ ታቦር ላይ ለብዙ ጊዜ ቀልድ ነበር። ሞንታርቦ የወንድ ሥራ ነው የሚለው ሕግ የት እንደተጻፈ አይታወቅም፤ ግን ሰው ሁሉ አንብቦ የጨረሰው ይመስላል። ባሏ ይሻው አርፎ ተዝካሩ በወጣ ሰሞን የእድሩ ዳኛ ቤቷ ድረስ መጥተው፣ እቃው ቆሞ አይዋል፣ ለሚችል ሰው ይሰጥ ብለው በለሰለሰ አንደበት መከሯት። አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸውና፣ የሚችለው ሰው እኔ ነኝ አለቻቸው። እንደማትችል እሷም ታውቃለች፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ነገር ግን ጥቁር ለብሳ የተቀመጠችን ሴት አትችይም ማለት ነውር ስለሆነባቸው ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ።

ይሻው የተወላት እቃ ብዙ አይደለም። ሁለት ሞንታርቦዎች፣ ሁለት ማይኮች፣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ገመድ፣ ደግሞም ከመጽሐፍ ቅዱስ ብዙም የማትሰፋ አንዲት ሚክሰር፣ የድምፅ ማስተካከያ፣ ናቸው። ሠርግ ሲሆን ለሠርግ፣ ጉባኤ ሲሆን ለጉባኤ፣ ለቅሶ ሲሆን ለለቅሶ ይህን ጭኖ የሚያደርሰው አስናቀ ነው፤ ባጃጅ ነጂ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ከይሻው ጋር ዓመታት የሠራ። አስናቀ የትኛው ገመድ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃል። ሚክሰሯን ግን አያውቃትም። ይሻው በሕይወት እያለ እሷን ማንም አይነካትም ነበር። ድንኳን ጥግ ይቀመጥና ጭኑ ላይ አድርጎ በጋቢው ጫፍ ይሸፍናታል። የማያውቀው ሰው ሕፃን ይዞ የመጣ ይመስለው ነበር።

ስለዚህ ዘነበች መማር የነበረባት ብቻዋን ነው፤ ከባሏ እጅ ጽሑፍ። ይሻው የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነው፣ እንግሊዝኛ አያውቅም። ሚክሰሯን ባሕር ዳር ሲገዛ ሻጩን ይህቺስ፣ ያቺስ እያለ አሰልችቶ፣ ነጭ ፕላስተር እየቆረጠ እያንዳንዷን ማዞሪያ በገባው ቃል ሰይሟት መጣ። ሌላው ሰው ጌን የሚላት በእሱ መግቢያ ተብላለች። ከሥሯ ቀጭን፣ መሐል፣ ወፍራም የሚሉ ሦስት አሉ። ከዚያ ግራ ቀኝ። ከታች ወደላይና ወደታች የምትንሸራተተው መውጫ ናት። ጠርዝ ላይ ደግሞ የሁሉ የምትባል አለች፤ እሷ ከተዘጋች ሌላው ቢከፈት ባይከፈት ለውጥ የለውም።

መጀመሪያ መግቢያና መውጫ አንድ መሰሏት። ሁለቱም ድምፅ ያሳድጋሉ፣ ታዲያ ሁለት ምን አስፈለገ እያለች ሁለቱንም እስከ ጫፍ ከፈተቻቸው። የሰንበት ጉባኤ ላይ መምህሩ ንስሐ ግቡ ብለው አፋቸውን ከመክፈታቸው ሞንታርቦው ፉጨቱን ለቀቀው፤ አሮጊቶቹ አማተቡ፣ መምህሩም ሰይጣን መጣ ብለው ነገሩን ለስብከታቸው ተጠቀሙበት። እሷ ግን ላብ አጠመቃት። ቤቷ ገብታ ስትሞክር ስትሞክር ገባት፤ መግቢያ ማለት ድምፁ ወደ ቤት ሲገባ ነው፣ መውጫ ማለት ደጅ ለሰው ሲቀርብ። በመግቢያ የተበላሸ ድምፅ በመውጫ አይታከምም። ይህን ካወቀች ወዲህ የተናጋሪውን ጉሮሮ አይታ ማዞር ጀመረች፤ ለጎርናናው ወፍራምን ቀነስ፣ ለሴቶቹ ቀጭንን ለስለስ። የሚስቁባት እየቀነሱ ሄዱ።

አንዲት ማዞሪያ ግን ቀርታለች። ከሌሎቹ ተነጥላ ቀኝ ጥግ ላይ ያለች ናት፤ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ዞራ ተዘግታለች። ፕላስተሯ ላይ በይሻው እጅ ማሚቶ ተብሎ ተጽፏል።

ማሚቶ የልጃቸው ስም ነበር።

የክርስትና ስሟ ሌላ ነው፣ ትምህርት ቤት ያስመዘገቧትም ዓይናለም ብለው ነው፤ ግን ከቤትም ከጎረቤትም ማሚቶ ከማለት በቀር ሌላ የሚጠራት አልነበረም። ያኔ የሚኖሩት ጉና ሥር ነው፤ ገብስና ድንች ያለው፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር አገር። በነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ ይሻው ከገበያ ሲመለስ፣ ልጅቷ አባቴን ልቀበል ብላ በአቋራጩ ወጣች። ጉም ወረደ። ይሻው በሌላው መንገድ ቤት ገባ። ልጅቷ እንዳልገባች ሲያውቁ ባልና ሚስት ወጥተው እስከ ገደሉ አፋፍ ደረሱ። ከእጅ በላይ የሚታይ ነገር የለም። ይሻው እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ ማሚቶ፣ አለሽ ብሎ ተጣራ።

ከማዶ ቀጠን ያለ ድምፅ መለሰ። ገደሉ የመለሰው አለሽ የሚለውን የይሻውን ቃል ነው፤ የመጨረሻውን ፊደል ጉሙ ስለዋጠው አለ ብቻ ደረሰ። የይሻው ጆሮ ግን አለሁ ብሎ ሰማው። ጆሮ የሚፈልገውን ነው የሚሰማው። ከሚስቱ ተነጥሎ ሮጠ፤ ወንዙ ድረስ ወርዶ፣ ተሻግሮ፣ ማዶውን ቧጦ ሲወጣ መሸ። ሌሊቱን ሁሉ ማዶ ለማዶ እየተጣራ፣ ገደሉም እየመለሰለት ነጋ። ማሚቶ የተገኘችው በማግሥቱ ነው፤ ከማዶ ሳይሆን ከዚህኛው በኩል፣ እሱ ቆሞ ከተጣራበት ከእግሩ ሥር። በጠፍር ወርዶ ያወጣት ጎረቤት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብቻ ምላሱን መያዝ አልቻለም። ሌሊቱን በሕይወት ሳትቆይ አልቀረችም አለ።

ያን ጊዜ ዘነበች አንድ ነገር ተናገረች። «ገደል ጠራህና ልጄን ረግጠህ ሄድክ» አለችው። ደግማ አላለችውም፤ አንዴ በቂ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ዘነበች የልጅቷን ስም ከይሻው አፍ ሰምታ አታውቅም። በተዝካሯም፣ በሙት ዓመቷም አልጠራትም። ጉናን ለቀው ደብረ ታቦር ሲገቡ፣ የሰው አጥር ሲጠብቅ፣ በኋላም ሞንታርቦውን ገዝቶ በየድንኳኑ ዞሮ ቤት ሲገባ ስሟን አላነሣላትም። ጎረቤት ልጇን ማሚቶ ብላ ስትጠራ ብድግ ብሎ ይወጣ ነበር። እግዚአብሔር ሌላ ልጅ አልሰጣቸውም። ዘነበች መሮጡን ይቅር ለማለት ብዙ ታገለች፤ አንዳንድ ቀን ይቅር ያለችው ይመስላታል። ስሟን መቅበሩን ግን ከልቧ ማውጣት አልቻለችም። ልጄን ሁለት ጊዜ ገደላት ትል ነበር በሆዷ። ታሞ በተኛባቸው ወራት አልጋው አጠገብ ተቀምጣ የጠበቀችው ያን አንድ ቃል ነው። አንዴ ማሚቶ ቢላት፣ አልቅሳ፣ እጁን ይዛ፣ በሰላም ትሸኘው ነበር። ሳይላት አረፈ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እንግዲህ ስሟን ሚክሰር ላይ ያገኘችው። ዓይኗን አላመነችም። መጀመሪያ ለካ አልረሳትም አለች። ቀጥላ ማዞሪያዋን አየቻት፤ ተዘግታለች። ከሁሉ ተለይታ፣ ጥግ ይዛ፣ እስከ መጨረሻው ተዘግታ። እዚህም ጽፎ ዘግቷታል ብላ ተናደደች። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ያዘችና እስከ ቀኝ ጥግ አዞረቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከይሻው ሞንታርቦ የሚወጣው ድምፅ ሌላ ሆነ። ይሻው በደረቅ ድምፁ የታወቀ ነበር፤ ዘማሪዎች ትንሽ አርጥብልን ብለው ሲለምኑት ኖረዋል፣ አንዳንዶቹም በዚህ የተነሣ ትተውት ሌላ ቀጥረዋል። አሁን ዘፋኙ አንድ ቃል ሲለቅ ቃሉ ከኋላው ሌላ ቃል እየጎተተ ይመጣል። ሠርገኛው ወደደው። አስናቀም አንድ ሠርግ ላይ ገመድ እየጠቀለለ፣ እትዬ ዘነበች ኢኮ ከፈቱ መሰለኝ፣ ጥሩ አድርገዋል አላት። ኢኮ ምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። ስለ ድምፁ ጥራት የሚባል የሞንታርቦ ሰዎች ሙገሳ መሰላትና እግዜር ይስጥልኝ አለችው።

ፈጽሞ አልገባትም ማለት ይከብዳል። እንዳይገባት ፈለገች ቢባል ይቀርባል። ሥራ በሌለ ቀን እቃውን ቤት ውስጥ ታበራና ሞንታርቦውን ዝቅ አድርጋ ትቀመጣለች። ማይኩ ፊት ስትስል፣ ቆየት ብሎ ከግድግዳው ሥር አንድ ሌላ ሰው ይስላል፤ ሳሉ ከእሷ ሳል ያንሳል፣ ይቀጥናል። ስትተነፍስ ይተነፍሳል። ሮጣ መውጣት ያሰኛታል፤ ግን አትወጣም። አንዳንዴ ስፌቷን ይዛ እያዜመች ትሠራለች፤ ከወዲያ በኩል የሚያዜምላትን ላለማቋረጥ ስትል ዜማውን ታስረዝመዋለች። ከቤቷ ውጭ ሆኖ የሚሰማ ሰው ሁለት ሴቶች አሉ ይል ነበር። ፈርታም ናፍቃም ነው የምትኖረው፤ የትኛው እንደሚበልጥ ራሷም አታውቅም። የልጇን ስም ግን ጮክ ብላ ጠርታ አታውቅም። ብትጠራና ብትመልስላትስ?

የብዙነሽ ልጅ የሞተችው ዘነበች እንዲህ በነበረችበት ጊዜ ነው። ብዙነሽ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጥ፣ ለብቻዋ ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ልጇ እሌኒ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር፤ ትንሽ አመመኝ ብላ ተኛች፣ በዚያው ቀረች። የሠልስቱ ዕለት ሕዝብ ስለበዛ እድሩ ሞንታርቦ ይምጣ አለ። አስናቀ አንዱን ድንኳኑ በር ላይ፣ ሁለተኛውን ከጓሮ፣ ወደ ጎድጓዳው በሚያይ ካብ ላይ ተከለው። ዘነበች ጥግ ይዛ ሚክሰሯን ጭኗ ላይ አደረገች። ቄሱ ጸለዩ፣ አጽናኑ፣ ተቀመጡ። ድምፃቸው ረጅም ጅራት ነበረው፤ ሰው ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ ያህል ተሰምቶት ዝም አለ።

ከዚያ ብዙነሽ ማይኩን ስጡኝ አለች። እሷ እስከዚያች ሰዓት አላለቀሰችም ነበር፤ ሴቶቹም እንባዋ ቢወጣላት ብለው ማይኩን አቀበሏት። በሁለት እጇ ይዛ ወደ አፏ አስጠጋችው።

«እሌኒዬ፣ አለሽ?» አለች።

ድምፁ ከበሩ ወጣ። ቆየት ብሎ ከጓሮ፣ ከካቡ በኩል፣ ቀጠን ብሎ መጣ። አለ፣ አለ፣ አለ እያለ ሄደ።

የብዙነሽ ፊት በራ። እንዲህ ያለ ብርሃን ሐዘንተኛ ፊት ላይ ያየ ሰው አይረሳውም። አለሁ አለች ብላ በቀስታ፣ አጠገቧ ላሉት እንደ ምሥራች ነገረቻቸው። ተነሥታ ሄደች። ሄደች ማለት ብቻ አይበቃም፤ የተቀመጠውን ሰው እግር እየረገጠች፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ምጣድ በእግሯ እየመታች፣ የድንኳኑን ገመድ በደረቷ እየገፋች፣ ቀጥ ብላ ወደ ድምፁ ሄደች። ማንንም አላየችም። ያዙኝ ልቀቁኝ አላለችም። ካቡ ላይ ወጥታ ሞንታርቦውን አቅፋ ጆሮዋን ለጠፈችበት። ከካቡ ባሻገር ጎድጓዳው ነው፤ አስናቀ ቀሚሷን ባይይዝ ወዲያ ትወድቅ ነበር።

ዘነበች ሚክሰሯ ላይ አጎነበሰች፤ እጇ ግን ማሚቶ ወደተባለችው ማዞሪያ አልሄድ አላት። እንደ ምንም የሁሉ የምትባለዋን ወደታች ጎተተች፤ ሞንታርቦው ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ብዙነሽ ዞረች።

«ልጄን ማን ነው ዝም ያሰኛት?» አለች።

ዘነበች ያን ዕለት በብዙነሽ ውስጥ ያየችው ብዙነሽን አይደለም። ጉሙን አየች። ከአጠገቧ ተነጥሎ የሮጠውን ሰው ጀርባ አየች። ብዙ ዓመታት ሙሉ ያ ሩጫ በዓይኗ ሲመጣ የሚታያት አንድ ሞኝ ሰው ነበር፤ ድምፅ ያታለለው፣ እግሩ ሥር ማየት ያቃተው። ሰው እንዲያ የሚሮጠው ሞኝ ሆኖ እንዳልሆነ አሁን ገባት። መልስ ሰምቶ የሚቀመጥ ወላጅ የለም።

ድንኳኑ ተረበሸ። እቃው መንፈስ አለበት ያለ አለ። ጠበል ይረጭበት ያለም ነበር፤ ኤሌክትሪክ ላይ ጠበል ቢረጭ ማን ማንን እንደሚያስወጣ የጠየቀ ግን የለም። የእድሩ ዳኛ ቆጣ ብለው፣ ይህ ነገር ሳይስተካከል ለቅሶ ቤት እንዳይገባ አሉ። ዘነበች አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸው፤ በዚህኛው ጊዜ ሚክሰሯን አቅፋ ተነሣች።

ቤት ደርሰው እቃውን ካወረዱ በኋላ አስናቀ ሊሄድ ሲል አስቀመጠችው።

«አስናቀ፣ ያ ኢኮ የምትሉት ነገር ምንድን ነው?»

አስናቀ ጥያቄው ገረመው። «ኢኮማ ያው የገደል ማሚቶ ነዋ፣ እትዬ። የወጣውን ድምፅ መልሶ የሚያመጣው።»

ዘነበች ሚክሰሯን አቀረበችለት። የትኛዋ ናት ብላ ጠየቀችው። አስናቀ ሚክሰሯን ወደ ብርሃን አዙሮ ፕላስተሮቹን አየና፣ ይቺው ናት፣ አያ ይሻው ጽፈውባታል አለ። ፕላስተሩ ረጅም ነው፤ የገደል የሚለውን ቃል የሚይዝ ቦታ ከማሚቶ በፊት ባዶውን ተትቷል። ይሻው ቃሉን መጻፍ አቅቶት ይሁን ወይ ስሟን ብቻ ሊያይ ፈልጎ፣ ይህን የሚያውቅ ከመሬት በላይ የለም። አስናቀ ይህን አላስተዋለም። ፈገግ ብሎ፣ እኔስ የአንቱ የቤት ስም መስሎኝ ኖሬያለሁ አላት።

ዘነበች ስሜ ማሚቶ የሚባለው ከመቼ ወዲህ ነው አለችው።

«እንዴ፣ አያ ይሻው ማይክ ሲሞክሩ ነዋ! ሌላው ሰው ሄሎ ሄሎ ይላል፤ እሳቸው ሄሎ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ሳይሰበሰብ ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው ማሚቶ ይላሉ። አንድ ጊዜ። ከዚያ ጆሯቸውን አዘንብለው ያዳምጣሉ። እንዳልተመለሰ ሲያዩ ደህና ነው ይሉኛል፣ ሥራ እንጀምራለን። አንቱን የሚጠሩ መስሎኝ ለባለቤቴ እነግራት ነበር፤ ሚስቱን እንዲህ የሚወድ ሰው አላየሁም እያልኩ።»

አንድ ቀንም አንድ ዘማሪ ሳያስፈቅድ ያቺን ማዞሪያ ነክቶ ነበር ብሎ ጨመረላት። ይሻው ጠቁሮ፣ ከማብሪያው ላይ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ሞንታርቦው ጀርባ ሄዶ ቁጭ አለ። ይህ ነገር ሰው ይገድላል አለ። አስናቀ ኤሌክትሪኩን የሚል መስሎት ያን ቀን ሽቦውን ሁሉ ሲፈትሽ ዋለ።

አስናቀ ከሄደ በኋላ ዘነበች መሬት ላይ ተቀመጠች። አለቀሰች፤ አለቀሰች ሲባል ለባሏ ለቅሶ ያላለቀሰችውን ነው። የሐዘን ሰው ነኝ ብላ ሠርግ አትሄድም ነበር፣ ድንኳንም አብራው ገብታ አታውቅም። ቤቷ ተቀምጣ ያ ስም ይጠራል እያለች ስትጠብቅ፣ ስሙ በየሠርጉና በየለቅሶው ቤት ሲጠራ ኖሯል። ዘጋት ያለችው ሰው በየሥራው ቀን ይጠራት ነበር፤ የዘጋው ገደሉን ነው። እንዳይመልስለት። መልሶ እንዳያሯሩጠው። ዘነበችን የከበዳት ይህን ማወቋ ብቻ አይደለም፤ አሁን አውቃው የምትነግረው ሰው አለመኖሩ ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠዋት ብዙነሽ መጣች። ብቻዋን ነው የመጣችው፤ ዘመዶቿን ወፍጮ ቤት ልድረስ ብላ አታላ። ከስታለች። እንኳን ቡና፣ ውኃም አልፈልግም አለች። ዓይኗ ሞንታርቦው ላይ ነበር።

«አንድ ጊዜ ብቻ ልጥራት» አለች። «ከዚያ እሄድልሻለሁ።»

ዘነበች አጠገቧ አስቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት። ስለ ጉሙ፣ ስለ ይሻው፣ ስለ ማዶው፣ በእግሩ ሥር ስለነበረችው። ይቺ ማዞሪያ የራስሽን ድምፅ ነው የምትመልስልሽ አለቻት። ብዙነሽ በትዕግሥት ሰማቻት። ሰምታ ስትጨርስ፣ የአንቺ አልመለሰችልሽ ይሆናል እህቴ፣ የእኔ ግን መልሳለች አለች። ክፋት የለበትም አነጋገሯ፤ የሚያሳዝን እርግጠኝነት ብቻ ነው ያለው።

ቀላሉ ነገር መክፈት ነበር። ሚክሰሯ ከሠልስቱ ወዲህ አልተነካችም፤ ማዞሪያዋ እንደተከፈተች ናት። ሶኬቱን መሰካት ብቻ ነው የቀረው። ብዙነሽ ትጠራለች፣ ድምፁ ይመለሳል፣ ትደሰታለች፤ ነገም ትመጣለች፣ ከነገ ወዲያም። ዘነበች ይህን በራሷ ታውቀዋለች፤ ወራት ሙሉ ስፌት ይዛ ከግድግዳ ጋር ስታዜም ከርማለች። ደግሞም እውነቱን ለመናገር እሷም ለራሷ ፈለገች። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ማሚቶ ብላ ጠርታ ከወዲያ በኩል ሲመለስላት መስማት አማራት።

ሶኬቱን ሰካች። መግቢያዋን አስተካከለች፣ መውጫዋን ከፍ አደረገች፣ የሁሉን ከፈተች። ከዚያ እጇን ወደ ጥጓ ሰደደች፤ ማዞሪያዋን ያዘችና ብዙነሽ እያየቻት ወደ ግራ አዞረቻት። አዙራ አዙራ፣ አልዞርም ብላ እስክትቆም። ይሻው አስቀምጧት የነበረችበት ቦታ ላይ ነው የቆመችው።

«አሁን ጥሪያት» አለቻት። «እሷ ከሆነች ይቺም ብትዘጋ ትመልስልሻለች።»

ብዙነሽ ማይኩን ተቀበለች። ፈርታ ነበር፤ ድንኳኑ ውስጥ አልፈራችም፣ አሁን ግን ፈራች።

«እሌኒ፣ አለሽ?»

ድምፁ ጥርት ብሎ፣ ደረቅ ብሎ ወጣና ቆመ። ሁለቱም አዳመጡ። ውጭ ባጃጅ አለፈ። የጎረቤት ዶሮ ቀረቀረች። ብዙነሽ አንገቷን ወደ ሞንታርቦው አዘንብላ ቆየች፣ በጣም ቆየች። አልተነሣችም። ቀስ ብላ ማይኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፣ ከሆዷ የሚወጣ ረጅም ለቅሶ አለቀሰች። ዘነበች ጀርባዋን ያዘች። እንባዋ የወጣው ያን ዕለት ነው ብለው ዘመዶቿ ኋላ አመስግነዋታል።

ለቅሶው ሲረግብ ዘነበች ማይኩን ከብዙነሽ ጭን ላይ አነሣችው። ልጇን የምትጠራ መስሏት ነበር፤ አፏን ስትከፍት የወጣው ሌላ ስም ሆነ።

«ይሻው» አለች። «እኔም ብሆን እሮጥ ነበር።»

ሞንታርቦው አንድ ጊዜ ተናገረና ዝም አለ።